ከስቱኮው ሥር

አቢንግደንን ሄዶ ያላያት ሰው ስሟንም ብዙ አያውቀውም። ከኦክስፎርድ በስተደቡብ፣ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ርቃ፣ ቴምዝ ወንዝ ዳር የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ልጄ ሥራው ኦክስፎርድ ነው፤ መኖሪያው ግን ከባለቤቱና ከስድስት ዓመት ልጁ ጋር አቢንግደን ነው። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ሦስት ወር ልቀመጥ ሄድኩ። ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ለልጁ ደግሞ የላሊበላ ሥዕል ያለበት ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ማግኔት ነበር። ማግኔቱን አስታውሱልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ከአውሮፕላን ማረፊያ ቤት እንደደረስን ልጄ ሳሎን እንኳ ሳያስቀምጠኝ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። አሮጌ ጋራዥ ከፍቶ ሸራ ገለጠ። ጥቁር አረንጓዴ፣ ዝቅ ያለች፣ ጣሪያዋ ጨርቅ የሆነ፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት መኪና። ኤም ጂ ቢ ትባላለች፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1972 ስሪት ናት።

"እማዬ፣ እዚሁ ከተማ ነው የተሠራችው። ወደ ተወለደችበት መለስኳት" አለኝ።

ቀለሟ ያብረቀርቃል። በስንት እንደገዛት ጠየቅሁት፤ ነገረኝ፤ በልቤ ወደ ብር ቀይሬ ሳበቃ ዝም አልኩ። ሦስት ዓመት ያጠራቀሙት ነው። ለገና አዲስ አበባ ሊመጡበት የነበረው ገንዘብም እዚያው ውስጥ እንዳለ ያወቅሁት ከምራቴ ነው፤ እሷም አምልጧት እንጂ ልትነግረኝ ብላ አልነበረም።

የመኪና ፍቅር ከየት እንደመጣበት አውቃለሁ። ታላቅ ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ ባትላሜራ ሠሪ ነበር። እኔ የማታ ተረኛ ስሆን ልጁን ከትምህርት ቤት የሚወስድልኝ እሱ ነው። ከሱማሌ ተራ የተገዛ አሮጌ ፓራፋንጎ ሲያቃና ልጄ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ መዶሻ ያቀብላል። ማታ ስወስደው ፀጉሩ ስቱኮ ስቱኮ ይሸታል። ወንድሜ አንዲት አባባል ነበረችው፦ "ስቱኮ ይሸፍናል እንጂ አይሸከምም።" ደንበኛ ቶሎ ጨርስልኝ ሲለው ይህችኑ ይመልስለታል። አብዛኛው ደንበኛ አይወዳትም ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራዬ የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት ማምጣት ሆነ። መንገዳችን በገበያው አደባባይ ነው። አደባባዩ ላይ በ1600ዎቹ መጨረሻ የተሠራ፣ በድንጋይ ምሰሶዎች ላይ የቆመ ትልቅ አዳራሽ አለ፤ ዛሬ የከተማው ሙዚየም ነው። እንግሊዞች ንጉሥ ሲነግሥ ወይም ከንጉሣውያን ቤተሰብ ሠርግ ሲኖር የከተማው ሹማምንት ጣሪያው ላይ ወጥተው ከታች ለተሰበሰበው ሕዝብ ትንንሽ ዳቦ ይወረውራሉ። ከየዘመኑ የተወረወረ ዳቦ ደርቆ ሙዚየሙ ውስጥ ተቀምጧል። ልጁ "አያቴ፣ ይበላል?" ብሎ በየቀኑ ይጠይቀኛል።

እዚያው ሙዚየም ውስጥ የመጨረሻዋ ኤም ጂ ቢ ቆማለች። በደረጃ ልትወጣ ስለማትችል በክሬን ተነሥታ በመስኮት ነው የገባችው። ፋብሪካው ሥራ የጀመረው በ1929 ነው፤ የተዘጋው በጥቅምት 1980። ኤም ጂ ቢ ከ1962 ጀምሮ እስከዚያው ቀን ድረስ ስትሠራ ቆይታ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ወጥታለች። ዛሬ ፋብሪካው የነበረበትን ቦታ ቢሮዎችና መኖሪያ ቤቶች ይዘውታል። ከተማዋ ግን አልረሳችውም፤ ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ከወጣች ጣሪያቸውን ያወረዱ አሮጌ መኪኖች በድልድዩ ላይ ሲያልፉ ሽማግሌዎች ቆመው እጅ ይነሳሉ።

እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ኤም ጂ ማለት "ሞሪስ ጋራዥስ" ማለት ነው፤ የኦክስፎርድ የሞሪስ ጋራዦች። ሥራ አስኪያጁ ሴሲል ኪምበር የተራውን የሞሪስ መኪና ሻንሲ ወስዶ ቀለል ያለ የስፖርት አካል እያለበሰ ጀመረው። ባለቤቱ ዊልያም ሞሪስ ደግሞ በ16 ዓመቱ ብስክሌት በመጠገን የተነሣ ሰው ነው፤ በኋላ ሎርድ ኑፊልድ የተባለው እሱ ነው። ይህ ሰው በ1938 በመኪና ፋብሪካው ውስጥ "የብረት ሳንባ" የሚባለውን የመተንፈሻ መሣሪያ አሠርቶ በእንግሊዝ ግዛት ላለ ለጠየቀ ሆስፒታል ሁሉ በነፃ መስጠት ጀመረ። 1,700 ገደማ ታደለ። ስሙ የብረት ይባል እንጂ ሣጥኑ ከኮምፔርሳቶ ነው የተሠራው። ልምሻ ደረቱን የያዘው ልጅ ከአንገቱ በታች እዚያ ውስጥ ተኝቶ ማሽኑ ይተነፍስለታል። እኔ ስንትና ስንት ዓመት የፖሊዮ ጠብታ ይዤ ቤት ለቤት የዞርኩ ሰው ነኝ፤ ያንን መሣሪያ በመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ብቻ ነው የማውቀው። ከመኪና ፋብሪካ የወጣ መሆኑን በዚህ ዕድሜዬ አቢንግደን ላይ ሰማሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጓሮ የቆመችውን መኪና በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ።

አንድ ሐሙስ ማታ ልጄ "እሑድ ልጁን ይዤ ወንዙን ተከትዬ ላንሸራሽረው ነው" አለ። ለልጁ የሚሆን መቀመጫ ገዝቷል፤ በእነሱ ሕግ ልጅ 12 ዓመት እስኪሞላው ወይም ቁመቱ 135 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ያለ ልጅ መቀመጫ አይሳፈርም። መልካም። "መኪናዋስ ተመርምራለች?" አልኩት። ሳቀ። በዚያ አገር 40 ዓመት የሞላው መኪና፣ ዋና አካሉ ካልተለወጠ፣ እኛ ቦሎ ለመለጠፍ ከምናስደርገው ዓይነት ዓመታዊ ምርመራ ነፃ ነው። ባለቤቱ ራሱ ለመንገድ ብቁ መሆኗን ያረጋግጣል። ሻጩም "ዝገት የላትም፣ በቅርቡ ታድሳለች" ብሎታል።

እኔ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ሌሊት የመጣልንን ልጅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ግጭቱ ከባድ አልነበረም፤ ሹፌሩ በእግሩ ነው የገባው። ልጁ ቀበቶውን አስሮ ነበር። የተነቀለው ወንበሩ ነው፤ ወለሉ ዝጎ ከነቡሎኑ ተቦጭቆ። ያመጡት ሰዎች ወንበሩን እንዳለ ተሸክመው ነበር የገቡት። ልጁ ለሊቱን አላለፈም። ይህን ለልጄ ነግሬው አላውቅም ነበር፤ ያን ማታም አልነገርኩትም። "ቅዳሜ እኔ ልያት" ብቻ አልኩት።

"እማዬ፣ አንቺ ምን ታይያታለሽ?" አለኝ እየሳቀ።

ቅዳሜ የፊት ጎማ ሊቀይር ክሪክ አገባ። እኔ ወንበር ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። መኪናዋ ስትነሣ በሩን ልከፍት ሳብኩት። እምቢ አለ። ክሪኩን አውርደው አልኩት፤ ወረደ፤ በሩ ተከፈተ። እንደገና አስነሣሁት፤ እንደገና ተያዘ። በበሩና በአካሉ መካከል ያለው ቀጭን ክፍተት ከላይ በኩል ሲጠብ በዓይኔ አየሁት። በሽተኛ ከአልጋ ስታነሡት ወገቡ ካልተከተለ ችግሩ የት እንዳለ ለማወቅ ዶክተር መሆን አያስፈልግም።

ነገሩን ላስረዳችሁ። ይህች መኪና እንደ ጭነት መኪና የተለየ ሻንሲ የላትም፤ አካሏ ራሱ አጥንቷ ነው። ጣሪያዋም ጨርቅ ስለሆነ አይሸከምም። ስለዚህ ፊቷንና ኋላዋን አያይዞ የሚይዛት ከበሩ ሥር ግራና ቀኝ ርዝመቱን ይዞ የሚሄደው ሣጥን መሰል ብረት ነው። እኔ ደፍ እለዋለሁ፤ ስትገቡ የምትሻገሩት እሱን ነውና። ደፉ አንድ ብረት ብቻ አይደለም፦ የውጭው፣ የመካከሉና የውስጡ ተደራርበው ተበይደው ነው ጉልበት የሚሰጡት። የውጭው ብቻ አምሮ የውስጡ ካለቀ መኪናዋ እንደ እርጥብ ካርቶን ትታጠፋለች።

ልጁን "ማግኔትህን አምጣ" አልኩት። ላሊበላን ከፍሪጁ ላይ ነቅሎ እየሮጠ መጣ። በሩ ላይ ለጠፍኩት፤ ያዘ። ኮፋኖው ላይ፤ ያዘ። ደፉ ላይ ከፊት ጎማው ኋላ ሳስጠጋው ጠብ ብሎ ወደቀ። አንድ ስንዝር ወደ ኋላ፤ ወደቀ። ማግኔት ብረት ይይዛል፤ ስቱኮ አይይዝም። ከዚያ ካቻቢቴ አንሥቼ በመያዣው ጫፍ መታ መታ አደረግኩ፦ ጥሩው ብረት ይጮኻል፣ ያኛው እንደ ዱባ ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ከሥር በኩል በጫፉ ጫን ስል ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። ስስበው ቡናማ ዱቄት ተከትሎት ፈሰሰ።

ልጄ አልሳቀም። "ቀለሙን አበላሸሽው" አለኝ። ሸራውን አልብሶ ገባ።

እሑድ ማንም የትም አልሄደም። ቤቱ ውስጥ ለሁለት ቀን ሰላምታና የምግብ ጥሪ ካልሆነ ሌላ ቃል አልተሰማም። ምራቴ ቡና አፍልታ መካከላችን ተቀመጠች፤ ሦስታችንም ስለ ዝናቡ አወራን። እንግሊዝ አገር ስለ ዝናብ ማውራት መቼም አያልቅም። ማክሰኞ ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ ልጄ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። "አውቅ ነበር። ስገዛት ስቱኮው ሸቶኛል። የአጎቴ ጋራዥ ሽታ ነው። ግን ባውቀው አልገዛትም ነበርና ማወቅ አልፈለግኩም" አለኝ። ያን ጊዜ ስለዚያ ሌሊት፣ ወንበሩን ተሸክመው ስለገቡት ሰዎች ነገርኩት። ብዙ አልተናገረም። በማግስቱ ግን ከሥራ ቀረና ጎረቤቱን ጠራ።

ጎረቤታቸው ከሰባ ያለፉ ሽማግሌ ናቸው፤ በወጣትነታቸው በዚያው በአቢንግደን ፋብሪካ ሠርተዋል። እኔ ነርስ መሆኔን ሲሰሙ "ሲስተር" ብለው ጠሩኝ፤ ለካ እነሱም አገር የዋርድ ኃላፊዋን ነርስ እንደ እኛው ሲስተር ይሏታል። ከመኪናዋ ሥር ተኝተው በባትሪ ሲያዩ ቆይተው ወጡና ለልጄ እንዲህ አሉት፦ አንድ ሰው የበሰበሰውን ደፍ ሳይነካ ከላዩ አዲስ ቆርቆሮ ለብጦበታል፣ ክፍተቱን በስቱኮ ሞልቷል፣ ቀብቶ ሸጧል። ፋብሪካውን አትውቀሱ ሲሉም አከሉ፤ አካሉ ከሌላ ከተማ ይመጣ ነበር፣ እኛ እዚህ መገጣጠም ብቻ ነበር ሥራችን ብለው ሳቁ።

ዝገቱ እንዴት እንደገባ ሲያስረዱ እንደ ታካሚ ታሪክ ነበር የሰማሁት። የፊት ጎማው የሚረጨው ጭቃ ከፓራፋንጎው ውስጥ፣ ልክ ደፉ በሚጀምርበት ቦታ ይጠራቀማል። ጭቃው እርጥበት ይይዛል። ከደፉ ሥር ውኃ እንዲወርድ የተበሱት ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ክረምት መንገዱ በረዶ እንዳይሠራ ጨው ይበተንበታል፤ የጨው ውኃ ደግሞ ብረትን እጥፍ ድርብ ያፋጥነዋል። ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚመጣው፤ ቀለሙ ላይ ፊኛ ሲታይ ውስጡ አልቋል። የእኛ ደጋ መንገድ ጨው አያውቅም። አዲስ አበባ ውስጥ የኃምሳ ዓመት ፎልስዋገን ደፉ ደኅና ሆኖ ሽቅብ ሲወጣ ብታዩ ይህንን አስቡ።

አሁን ስለ ጥገናው ትንሽ ታገሡኝ፤ ለእኔ የጉዞው ዋና ክፍል እሱ ነበር።

ሽማግሌው ብረት ከመቁረጣቸው በፊት ሁለት ቀን ያለ መቁረጥ ሠሩ። መጀመሪያ መኪናዋን ሚዛኗን ጠብቀው በአራት ቦታ ደገፏት። ቀጥሎ በሩን አውልቀው በበሩ ክፍተት ከማጠፊያው እስከ መቆለፊያው ድረስ ጠንካራ ብረት አሰሩ። ያለዚያ ደፉ ሲቆረጥ መኪናዋ መሐሏ ትሰምጣለች፤ በዚያው ከተበየደ ደግሞ ጠማማነቷ ለዘላለም ይጸናል፣ በሩም አይገጥምም። ስብራትን ሳያቃኑ ጄሶ ማድረግ ማለት ነው። ባትሪው ተነቀለ፤ የቤንዚን ታንከሩ ወርዶ ከጋራዡ ወጣ፤ ባልዲ ውኃና የእሳት ማጥፊያ በሩ ላይ ተቀመጠ። የእሳት ማጥፊያውን ቀን አንብቤ ያለፈበት ስለነበረ አዲስ አስገዛሁ።

ከዚያ ግራይንደሩ ጮኸ። የተለበጠው ቆርቆሮ ሲነሣ ከሥሩ ሌላ ደፍ ነበር፣ ማለት የደፍ ቅሪት፤ በእጅ የሚፈርስ። የአልጋ ቁስል ያከመ ሰው ያውቀዋል፦ ላዩ ትንሽ ቀዳዳ ነው፣ ሲከፈት ግን ጡጫ ያስገባል። የሞተውን ሥጋ ጤነኛው እስኪደማ ድረስ ካልጠረጋችሁ ምንም ቅባት አያድነውም። ሽማግሌውም እንዲሁ ብሩህ ብረት እስኪታይ ድረስ እያሳደዱ ቆረጡት። ልጄ አንድ ቦታ ላይ "ይሄኛው ይቆይ፣ ትንሽ ነው" ሲል ቀና ብለው እኔን አዩኝ። እኔ ደግሞ ልጄን አየሁት። ቆረጠው።

አዲሱ ብረት የመጣው ዊትኒ ከምትባል ከኦክስፎርድ በስተምዕራብ ካለች ከተማ ነው። እዚያ አንድ ድርጅት የድሮውን የፋብሪካ ማተሚያ ሰብስቦ የእነዚህን መኪኖች ላሜራ ዛሬም ያወጣል፤ ከ1988 ጀምሮ ሙሉውን የኤም ጂ ቢ አካል ሳይቀር ይሠራል። ብየዳው በአንድ ትንፋሽ አይሄድም፤ እዚህ ጥቂት፣ እዚያ ጥቂት ተብሎ እየተዘለለ ነው፣ አለዚያ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያጣምመዋል። በየመካከሉ በሩ እየተገጠመ ይለካል። አንድ ጊዜ ሁለት ሚሊ ሜትር ስለጎደለ የተበየደው ተፈትቶ እንደገና ተሠራ፤ ያን ቀን ለሽማግሌው ድርብ እንጀራ በዶሮ አቀረብኩላቸው፤ በርበሬው ጆሯቸውን አቀላው እንጂ ሳህኑን ጠርገው ነው የተነሡት። በመጨረሻ ፀረ ዝገት ቀለም፣ ከዚያ በደፉ ሆድ ውስጥ በቀጭን ቱቦ የሚረጭ ሰም። የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በሽቦ ጠራርጎ የከፈተው የልጅ ልጄ ነው፤ ጣቱ ቀጭን ስለሆነ።

የመኪናዋ ሌላው በሽታ ያረጀ ክፍል ነበር፤ እሱ ቀላል ነው። የፊት ጎማዋ ከላይና ከታች ሲወዘወዝ ይንቃነቃል። ኩሽኔታው ነው ወይስ ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ኪንግ ፒን? ለማወቅ እኔን ወንበር ላይ አስቀምጠው ፍሬን አስረገጡኝ። ፍሬን ተይዞ መንቃነቁ ከቆመ ኩሽኔታው ነው፤ ካልቆመ ኪንግ ፒኑ ነው። አልቆመም። ምክንያቱ ግራሶ ነው፤ በየጊዜው በፖምፓ መጠጣት ያለበትን ግራሶ ለዓመታት ማንም አልሰጠውም። የፍሬን ላስቲኮቹም ተሰነጣጥቀው ስለነበር ሁሉም ተቀየሩ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ የቀኙ ደፍ ብቻ አለቀ። ክሪክ ገብቶ ስትነሣ በሩን ከፈትኩት፤ ተከፈተ። ዘጋሁት፤ ተዘጋ። አሥር ጊዜ ያህል ከፈትኩ ዘጋሁ፤ ልጄ "ይበቃል እማዬ" እስኪለኝ። ገንዘቡም ብርዱም ተደርቦ የግራው ለጸደይ ተላለፈ። መኪናዋ እስከዚያ ከጋራዥ እንደማትወጣ የወሰነው እሱ ራሱ ነው፤ እኔ አልጠየቅሁትም። ገናን እንዳሰቡት እዚህ አልመጡም።

እኔ ከተመለስኩ በኋላ በሚያዝያ አንድ እሑድ በስልክ ቪዲዮ ደወሉ። የልጅ ልጄ ጋራዥ ውስጥ ተንበርክኮ ላሊበላን በግራው ደፍ ላይ ከፊት ወደ ኋላ ስንዝር በስንዝር እየለጠፈ ያሳየኛል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ማግኔቱ ወደቀ። አባቱ ከኋላው ሆኖ "እዛጋ ገና አልደረስንም" አለው። ልጁ ማግኔቱን አንሥቶ ቦታውን በኖራ አከበበውና ወደሚቀጥለው ስንዝር አለፈ።